የአማቴ ሜዳ ግቢ

አማቴን በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። በኛ ዘንድ ምራት የባሏን አባት ስም አፏ ላይ አታመጣም፤ የራሷን ስም አውጥታ ነው የምትጠራቸው። ስሙ ታዲያ የሚያስከብር መሆን አለበት። እኔ «ውሃ ልክ» አልኳቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ኮንክሪት ሲያፈሱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ስሙ ደስ አላቸው። ክብርም ነበረው፣ በግማሹ። ሌላው ግማሽ ግን የግድግዳውን ፎቶ በየሳምንቱ የሚለኩ፣ ማዕድ ላይ ዘመም ያለ ማንኪያ ካዩ ሳያቀኑ የማይጎርሱ፣ በሠርጌ ቀን ሻሼን አይተው «በግራ በኩል ሁለት ጣት ወርዷል» ያሉ ሰው መሆናቸው ነው።

ቤታችን አልማቲ፣ ላይኛው ሰፈር ነው። እዚህ ከተማ መንገድ ስትጠይቁ ግራና ቀኝ የሚላችሁ የለም። ላይ ወይም ታች ነው። ላይ ማለት ወደ ተራራው፣ ታች ማለት ወደ ባቡሩ። ውሃው በየመንገዱ ዳር በቦይ ይወርዳል፣ የልጆች ኳስ ይወርዳል፣ ፖም የተሸከመች ሴት እጇ ከከዳት ፖሙን የምታገኘው ሦስት ቤት ወርዳ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመም ባለ አገር መካከል አንድ ሜዳ ብቻ አለ፤ እሱም የኛ ግቢ ነው። ይህን የሚሉት ያፈሰሱት ሰውዬ፣ ውሃ ልክ ናቸው።

ልጄ ቶክታር ከቀኑ አንድ ወር ቀድሞ ተወለደ። ስሙን ያወጡት አያቱ ናቸው። ይቆይልን ማለት ነው፤ ቤተሰብ ሲፈራ የሚያወጣው ስም ነው። ሲያወጡት ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ወዲያው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና አልጋው ቀጥ ብሎ መቆሙን ይለኩ ጀመር።

አርባ ቀን እንደሞላን ልጁን ይዤ እናቴ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ወጉ ነው። ከወጉ በላይ ደግሞ እናቴ በረዶ አንሸራቷት ዳሌዋን ሰብራ ተኝታ ነበር። መምጣት ስላልቻለች የልጅ ልጇን ያየችው በስልክ ብቻ ነው። በየቀኑ እየደወለች «ወደ ካሜራው አስጠጊው፣ አፍንጫው አልታየኝም» ትለኛለች። ታችኛውን ሜዳ አቋርጠን አራት ሰዓት ያህል ነው መንገዱ። ቅዳሜ እንሄዳለን ብለን ነገርናት።

ባሌ ዳውረን የሕፃን ወንበር የገዛው ገና ሳይወለድ ነው። መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ይታሰራል፤ ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጀርባውን ለሾፌሩ ሰጥቶ ይተኛበታል። የባሌ እናት እማማ ቢቢጉል መጀመሪያ ሲያዩት በጣም አዘኑ።

«ይሄ ልጅ ከመጣበት በስተቀር ምንም ሳያይ ሊያድግ ነው?»

«ለደህንነቱ ነው እማማ» አለ ዳውረን።

«አባትህ ወደፊት እያየ አድጎ እንኳ ይኸው የት እንደሚሄድ አያውቅም።»

ውሃ ልክ ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ። እሳቸውን የያዛቸው ሌላ ነገር ነበር። ወንበሩ ሥሩ ላይ እጀታ አለው፤ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጋደማል፣ ሲቀንስ ይቀናል። ጎኑ ላይ ደግሞ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ሲተኛበት መስመሯ ከመሬት ጋር እኩል መሆን አለባት። አማቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። አምላክ በስተርጅና ለሳቸው ብሎ የላከው ሥራ ነው። የእንጨት ውሃ ልካቸውን አመጡ፤ በመስመሯ ላይ ያዙት፤ እጀታውን ሦስት ላይ አደረጉ። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች።

«በዚህች ከተማ ከዚህ የተሻለ የተገጠመ ወንበር ካለ አሳዩኝ» አሉ።

መኪናዋ የቆመችው እንደ ሁልጊዜው አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ነበር። አማቴ መኪና ወደ ግቢ የሚያስገቡት ወደ ኋላ እየነዱ ብቻ ነው። መሬት ከተንቀጠቀጠ፣ በኛ ከተማ ደግሞ መንቀጥቀጡ አይቀርም፣ ማዞር ሳያስፈልግ ቀጥ ብሎ ለመውጣት ነው። በሩ ያለው በታች በኩል ነው።

ረቡዕ ዕለት ለምርመራ ወደ ክሊኒክ ሄድን። ክሊኒኩ ላይ፣ ተራራው ሥር ነው። ሁለት መንገድ ሳናልፍ የልጄ ራስ ወደ ፊት ተደፋ። አገጩ ደረቱ ላይ ተለጠፈና ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ቀጭን የፉጨት ድምፅ አወጣ። ፈራሁ። ጣቴን ከአገጩ ሥር አስገብቼ ክሊኒክ እስክንደርስ ደግፌው ሄድኩ። እጄ ዛለ፤ ግን አላነሳሁትም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ታስረዳለች። «ትልቅ ልጅ ቢሆን ራሱን ቀና ያደርግ ነበር። የሱ አንገት ገና ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ አየር የሚገባበት ይጠብባል፣ ማልቀስም አይችል። ወንበሩ ቀና ብሎበታል ማለት ነው። ከልክ በላይ ደግሞ አታጋድሙት፤ መኪናው ድንገት ቢጋጭ አይይዘውም። ቀይዋን መስመር ተከተሉ። ብቻ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይሁን።»

«እናቴ ዘንድ ልወስደው ነበር፣ ቅዳሜ።»

«ወንበሩ ከተስተካከለ ውሰጂው፤ በየሰዓቱ ግን ቁሙ። ካልተስተካከለ አንገቱ እስኪጠና ጠብቂ። ሦስት ወር ያህል።»

ስንመለስ ቁልቁል ነው፤ የቶክታር ራስ በሰላም ተጋድሞ ቤት ገባ። ውሃ ልክ በር ላይ ተቀበሉን፤ አዩት፤ ወንበሩን ለኩት። አረፋዋ አሁንም መሃል ላይ ናት።

«ይኸው። ወንበሩ ምን ሆነ?»

ሐሙስ ዕለት ሞከርነው። ወደ ላይ ስንሄድ የልጁ ራስ ይደፋል፣ ወደ ታች ስንወርድ ወደ ኋላ ይጋደማል። ሁለት ጊዜ ሄድን፣ ሁለት ጊዜ ተመለስን። ሜዳ የሚመስል ቦታ ላይ እንኳ አገጩ ወደ ደረቱ ያዘነብላል። ግቢ ስንገባ ግን መስመሯ ቀጥ ትላለች። አማቴ ውሳኔ ሰጡ።

«ወንበሩ ልክ ነው። ልጁ ነው የተጣመመው።»

«እንዴ አባባ!» አለ ዳውረን።

«በናንተ በኩል ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ ወደኔ ዞር ብለው። «አባትሽ አንገቱን ዘመም ያደርግ ነበር። በሠርጉ አይቼዋለሁ።»

«በሠርጉ ንግግርዎን እያዳመጠ ስለነበር ነው አባባ።»

እማማ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ከዚያ የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ፤ ወንበሩ ይጣል፣ ልጁ በእንጨት አልጋው ታስሮ ጠፍጣፋውን ይተኛ፣ እሳቸው ሰባት ልጆቻቸውን እንዲሁ ነው ያሳደጉት። መኪና ውስጥስ ሲባሉ መኪና ያኔ አልነበረንም አሉ። ዳውረን «በቃ ቅዳሜ ይቅር፤ ለጸደይ እንሄዳለን» አለ። ያን ቀን እናቴ ስትደውል አላነሳሁም።

ዓርብ ጠዋት ልጁን ታቅፌ መኪናዋ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ የጡጦው ክዳን ከእጄ ወደቀ። ኮንክሪቱ ላይ ተንከባለለ። በመኪናዋ ሥር አለፈ፣ በፖም ዛፉ አጠገብ አለፈ፣ እንደ ቤተኛ ቀጥ ብሎ በበሩ ሥር ወጣና ቦይ ውስጥ ገባ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ መኪናዋ አፍንጫ አየሁ። ወደ ታች ደፋ ብላለች። ሐኪሟ ሜዳ ላይ ብላለች፤ እኛ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሜዳ አለን ብለን አምነን ተቀምጠናል። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ሳለ የተስተካከለ ወንበር፣ መኪናዋ ቀና ስትል አብሮ ቀና ይላል። የልጄን ራስ የሚደፋው ይኸው ነው።

ማወቁ አላስቸገረኝም። ነጋሪ ነው ያጣሁት። ዳውረንን ጓዳ ጠርቼ ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታውቃለህ?»

«አሥር ዓመቴ ላይ ኳሴ ሁልጊዜ ወደ በሩ ይሄዳል ብዬ ነገርኳቸው። ኳሱ ነው ክብ ያልሆነው አሉኝ። አዲስ ኳስ ገዙልኝ። ከወንበሩ ጋር ግን እስከዛሬ አላያያዝኩትም ነበር።»

«እንግዲያው ንገራቸው። አባትህ ናቸው።»

«ግቢያቸውም ነው። አንቺ ንገሪያቸው፤ አንቺን ይወዱሻል።»

«ምራት ነኝ እኮ።»

«እኔም ልጅ ነኝ።»

እንዲህ ስንባባል ዋልን። አማቴን ፊት ለፊት ተሳስተዋል ማለት በኛ ቤት የሚደረግ ነገር አይደለም፤ እንኳን እኔ፣ እማማም በሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ቀን አላሉም። ቢሆንም ማታ ልጄን ሳስተኛ ያ ፉጨት በጆሮዬ መጣብኝ። የእናቴ አልጋም በዓይኔ መጣ። ውሃ ልክን እወዳቸዋለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ተናደድኩባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አማቴ በርጩማ አውጥተው መኪናዋ አጠገብ ተቀመጡና ለአምስተኛ ጊዜ ወንበሩን ይለኩ ጀመር። ዳውረን ጎማ የሚያይ መስሎ ከበስተኋላ ቆመ። እማማ ደጃፉ ላይ የፖም ቅርጫት ይዘው ነበር።

«ልጄ፣ ሻይ» አሉኝ ውሃ ልክ።

አሁን ስለ ሻያችን አንድ ነገር ልበላችሁ። ከሴ የምንላት ጆሮ የሌላት ሲኒ አለች፤ ሻይ በወተት የምንጠጣው በሷ ነው። የምትቀዳው ምራት ናት፤ የምትቀዳውም ከግማሽ በታች ነው። ትንሽ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ እንደገና ይጠየቃል፤ ተቀመጡ፣ አትቸኩሉ ማለት ነው። ሞልቶ መስጠት ግን ጠጣና ሂድ ማለት ነው። ባገባሁ በሁለተኛው ሳምንት በድንጋጤ ለአንድ አጎት ከግማሽ አሳልፌ ቀድቼ ሰውየው ኮፍያውን ሊያነሳ ተነስቶ ነበር። እማማ እስከዛሬ በእሱ ያበሽቁኛል።

ጓዳ ገብቼ ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ። ባዶዋን ከሴም ያዝኩ። እዚህ ሳይሆን እሳቸው ፊት ልቀዳ ብዬ ወጣሁ። ከአማቴ እግር ሥር፣ እሳቸው ያፈሰሱት ኮንክሪት ላይ ከሴዋን አስቀመጥኩ። ቀዳሁ። ግማሽ ሆነ። አልቆምኩም። የእማማ ፖም አንዱ ከቅርጫቱ ወደቀ። ዳውረን ከጎማው ቀና አለ። የከሴዋ ከንፈር እስኪደርስ ቀዳሁ።

ሻዩ በላይ በኩል ከከንፈሯ አንድ ጥፍር ያህል ጎድሎ ሳለ በታች በኩል ሞልቶ ፈሰሰ። በሌላ በየትም አልፈሰሰም። ቀጭን ሆኖ ኮንክሪቱ ላይ ወረደ፤ በመኪናዋ ሥር አለፈ፤ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። የእማማ ፖምም ተከተለው።

ውሃ ልክ ከሴዋን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ ሂድ እያልሽኝ ነው?»

«አይደለም አባባ» አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነበር። «የሄደው ሻዩ ነው።»

አማቴ ሻዩን እስከ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ውሃ ልካቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱና ጎንበስ ብለው መሬቱ ላይ አኖሩት። አረፋዋ ወደ ተራራው ሮጠች። ብድግ አድርገው ሌላ ቦታ አኖሩት። እዚያም ሮጠች። የሳቸውን ፊት ማየት አቃተኝ።

«ማን ነው ይሄን ያዘነበለው?» አሉ።

«አንተ ራስህ ነሃ፣ ሰውዬ» አሉ እማማ ከደጃፉ። «ዳውረን የተወለደ ዓመት የበረዶው ውሃ ጓዳዬ ገብቶ አለቀስኩብህ። በየሜትሩ ሦስት ጣት አወረድክልኝና ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልገባም። ለጎረቤት ግን ሜዳ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ ነው ስትል፣ ስትል፣ ራስህም አመንክ።»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ደስ ይልህ ነበራ። ያ የፖም ዛፉ ሥር ያለው ጠረጴዛ ግን በሠላሳ ዓመት ሾርባ ያልደፋብህ በኮንክሪትህ መስሎህ ነው? በታች በኩል ካሉት እግሮቹ ሥር ጣውላ ከትቼ ነው።»

አማቴ ሄደው ጎንበስ ብለው ጠረጴዛውን ከሥሩ አዩ። ጣውላው እዚያው ነበር፣ አርጅቶ ጠቁሯል። ተመልሰው መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔ ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው።

«በሦስት ጣት ልጁን ልገድለው ነበር» አሉ።

«አልገደሉትም አባባ። ጣቴ ከአገጩ ሥር ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሱ፤ ሲነሱ ሌላ ሰው ነበሩ። «ዳውረን፣ ዕቃውን ጫን። ሴትዮ፣ ለእነሱ ስንቅ የሚሆን ነገር ካለሽ አምጪ።» እማማ ከበሩ ጀርባ አንድ ሙሉ ጆንያ የተጠበሰ ሊጥና የፖም ሣጥን አወጡ። ከሐሙስ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነበር። «በዚህች ከተማ አንድ ሜዳ አውቃለሁ» አሉ አማቴ። «ይሄኛው እንኳን በሰው፣ በመንግሥት ተለክቷል።»

አምስታችንም ገባን። ቶክታርን እኔ ከጎኑ ሆኜ አገጩን ደግፌ፣ እማማ በሌላ ጎኑ፣ ዳውረን በጋሪ ፍጥነት እየነዳ ወደ ታች ወረድን፤ ባቡሩን አልፈን፣ የከተማው መጨረሻ ላይ የእህል መኪና የሚመዘንበት ቦታ ደረስን። ትልቅ ብረት መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ሥሩን ያፈሰሱት አማቴ ናቸው፣ በጎልማሳነታቸው። ሚዛኗን የምትጠብቀው ሴትዮ ጉልዣን ትባላለች። ዳውረን መኪናዋን ብረቱ ላይ ሲያቆም በመስኮቷ ብቅ ብላ አየችን።

«ጋሼ፣ ምን ጭነው መጡ?»

«የልጅ ልጅ።»

«ስንዴ ነው ገብስ?»

«ዝም ብለሽ ሚዛንሽን ጠብቂ። ሜዳ ነው ይሄ?»

«እንዴ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያፈሰሱት?»

«ለሱ ነው የምጠይቅሽ» አሉ አማቴ። የውሃ ልካቸውን ብረቱ ላይ አኖሩት። በቁመት አኖሩት፣ በወርድ አኖሩት። አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። ጉልዣን «አንድ ቶን ተኩል ከአንድ አያት» ብላ መስኮቷን ዘጋች።

ከዚያ ወንበሩን ያዙ። ቀይዋ መስመር አዘንብላ ነበር፣ ልክ እንደፈራሁት። እጀታውን ከሦስት ወደ አራት ወሰዱት፤ ለኩ፤ አሁንም ትንሽ ቀረ፤ ወንበሩን ወደ ታች በጉልበታቸው ተጭነው ቀበቶውን ዳግመኛ አጠበቁትና ለኩ። መስመሯ ተኛች። ልጁን አስተኛሁት። ራሱ ወደ ኋላ አረፈ፤ በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣቴ ገባ። አማቴ የራሳቸውንም ሁለት ጣት አስገብተው አዩ። ከዚያ ጆሯቸውን አፉ አጠገብ አድርገው አዳመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ይተነፍሳል» አሉ፣ አዲስ ነገር እንደነገሩን።

እኛ ዕቃ ስናስተካክል እሳቸው ከእማማ ዘንቢል ውስጥ ፔርሙዙንና ከሴዋን አወጡ። በዕድሜያቸው ሻይ ቀድተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ አያያዛቸው የአካፋ ነበር። ከሴዋን ብረቱ ላይ አኖሩና ይቀዱ ጀመር። ግማሽ ሆነ። አልቆሙም። እማማ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። ከንፈሯ እኩል እስኪሆን ቀዱ፤ ሻዩ በየትም በኩል ሳይፈስ ቆመ። ተንበርክከው በዙሪያዋ አዩት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው አንስተው ወደኔ አመጡት።

«በይ ጠጪና ሂጂ» አሉኝ። «እናትሽ ትጠብቅሻለች። እኛ በአውቶቡስ እንመለሳለን።»

ከእጃቸው በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። አንዲት ጠብታ ሳላፈስ ጠጣሁት፤ ከሴዋን መልሼ ከልጄ አጠገብ ገባሁ።